ሳይጠሩት ስለሚመጣ አሳብ

ከብርቱ መከራ የተረፈ ሰው የሚቸገረው ባለፈው ነገር ብቻ አይደለም፤ ያ ነገር ሳይጠራው እየተመላለሰ ስለሚመጣበትም ነው። መጽሐፍ ሲገልጥ፥ እንቅልፍ ሊወስደው ሲል ከች ይላል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረገውን ጦርነት ያዩ፥ ወይም ወላጅ የሞተባቸው ተማሪዎች ከእኛው ጋራ ስለሚማሩ ነገሩን መመርመር ይገባናል።

ለእንዲህ ያለው ጓደኛ አዘውትረን የምንሰጠው ምክር «እርሳው» የሚል ነው። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ቢሆንም አይሠራም። ዳንኤል ዌግነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋራ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1987 ባሳተመው ጥናት፥ ተማሪዎችን ለ5 ደቂቃ ነጭ ድብ እንዳያስቡ አዘዘ፤ ትዝ ባላቸው ቁጥር ደወል እንዲመቱም አደረገ። ደወሉ ዝም አላለም። ቆይቶ «አሁን አስቡት» ሲባሉም፥ ከመጀመሪያው እንዲያስቡት ከተፈቀደላቸው ይልቅ አብዝተው አሰቡት። አሳብን የሚያባርር ልቡና መምጣት አለመምጣቱን ለማወቅ ዘወትር ሊፈልገው ግድ ነውና።

ሪቻርድ ቴዴስኪና ሎረንስ ካልሁን የተባሉት ሊቃውንት ደግሞ ከመከራ በኋላ ስለሚገኝ ብስለት ጽፈዋል። እንደ እነርሱ አባባል መከራ ሰው ስለ ራሱና ስለ ዓለም የነበረውን እምነት ያናጋል። አሳቡ በመጀመሪያ በግድ ይመጣል፤ ውሎ አድሮ ግን ሰሚ ሲያገኝ፥ ሰውየው ራሱ ጊዜ መርጦ የሚያስበው ይሆናል። ከብስለት ጋራ ይበልጥ የሚዛመደው ይህ ሁለተኛው ነው። ቢሆንም ብስለቱ ሕመሙን አያስቀርም፤ ሁለቱ አብረው ይኖራሉ።

ጊዜ መርጦ ማሰብ እንዴት ነው? ጄምስ ፔኔቤከር በ1986 ባወጣው ጥናት ተማሪዎች ለ4 ቀን፥ በየቀኑ 15 ደቂቃ የደረሰባቸውን እንዲጽፉ አደረገ። የሆነውንም የተሰማቸውንም የጻፉት በዕለቱ ቢከፋቸውም፥ በኋላ ባሉት ወራት ወደ ሐኪም የሄዱት ከሌሎቹ ባነሰ ቁጥር ነው። በእኛ ግምት የለቅሶ ቤትም ይህን ይመስላል፤ ሐዘንተኛው አሟሟቱን ለመጣው ሁሉ ደጋግሞ ይተርካል። ለፈተና ሲል በሦስተኛው ቀን ወደ መኝታ ክፍሉ የተመለሰ ተማሪ ግን ይህ ይቀርበታል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ፓትሪሺያ ፍሬዚየርና ባልደረቦቿ በ2009 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን ከመከራው በፊትና በኋላ መዝነው፥ «በስያለሁ» ማለትና በእርግጥ መለወጥ እምብዛም እንደማይገጥሙ አሳይተዋል። ስለዚህ ሐዘንተኛን «ምን ተማርህበት?» ብሎ ማስጨነቅ ከ«እርሳው» አይሻልም። አሳቡ ከአንድ ወር በላይ እንቅልፍና ትምህርት ከከለከለ ግን ደብተርና ጓደኛ ብቻቸውን አይበቁም፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።