የቤተ ክርስቲያን ንብረትና የአብነት ትምህርት ቤት በሕግ ፊት

ጥያቄ፦ በደባርቅ አካባቢ የሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ። የቤተ ክርስቲያናችን ይዞታ፣ የብራና መጻሕፍቱና የአብነት ትምህርት ቤቱ ምን የሕግ ጥበቃ አላቸው?

መልስ፦ ጥበቃው አለ፤ የሚጸናው ግን በሰነድ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 398 ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የሕግ ሰውነት ሰጥቷታል፤ ንብረት ታፈራለች፣ ትከሳለች፣ ትከሰሳለች።

መሬት ከ1967ቱ አዋጆች ወዲህ የግል ሀብት አይደለም፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ያደርገዋል። የእናንተ መብት የይዞታ መብት ስለሆነ ማረጋገጫውን ሳትውሉ ሳታድሩ አውጡ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ምእመናን የሃይማኖት ትምህርት ተቋም እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል፤ አንቀጽ 11 ደግሞ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ይከለክላል። ለምሳሌ መንግሥት በጎንደር በዓታ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም መምህር አይሾምም፤ የትምህርት ጉባኤውንም አይበትንም።

ቅርሱን የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። የተመዘገበ ቅርስ ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ አይጠገንም፤ ከአገርም አይወጣም። ጥበቃው ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ምሳሌ እነሆ፦ እ.ኤ.አ. በ1932 የፈረንሳይ የጥናት ቡድን የጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን ጥንታዊ ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ ቅጂ ተካባቸው፤ ዋናዎቹ ዛሬም ፓሪስ ናቸው።

ስለዚህ እያንዳንዱን መጽሐፍ ፎቶ አንሡ፣ ልኩንና የቅጠሉን ብዛት መዝግቡ፤ አንዱን ቅጂ ለሀገረ ስብከቱ፣ ሌላውን ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ አስረክቡ። ያልተመዘገበ ንዋየ ቅድሳት ቢሰረቅ የእናንተ መሆኑን ማስረዳት ይከብዳል።