ቁልቁለቱ፣ የብረት አጥሩና አሽከርካሪው

ጨንቻ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ፣ አርባ ምንጭ ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ በዶርዜ አድርጎ የአባያንና የጫሞን ሐይቆች ቁልቁል እያየ የሚወርድ ተሽከርካሪ ከ40 ኪሎ ሜትር ባነሰ ጉዞ 1,400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ለመሆኑ በእንዲህ ያለ መንገድ የተሳፋሪውን ሕይወት የሚጠብቀው ማን ነው? በገደሉ ጠርዝ የሚተከለው የብረት አጥር ወይስ አሽከርካሪው? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በፊዚክስ ዓይን እንመለከታለን።

የቁልቁለቱ ጉልበት

10 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና 1,400 ሜትር ሲወርድ 137 ሚሊዮን ጁል ያህል እምቅ ጉልበት ይለቃል። ይህ 400 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ያው መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ያለው የእንቅስቃሴ ጉልበት ግን 1.4 ሚሊዮን ጁል ብቻ ነው። እንግዲህ ፍሬኑ ብቻውን ይሥራ ቢባል፣ መኪናውን ከዚህ ፍጥነት 100 ጊዜ ያህል የማቆም ሥራ ይጠብቀዋል። የፍሬን ሸማው ሲግል ሰበቃው ይቀንሳል፤ ታምቡሩም በሙቀት ሰፍቶ ከሸማው ይርቃል። በከባድ ማርሽ መውረድ ሸክሙን ለሞተሩ ያካፍላል። ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ የሚወርድ አሽከርካሪ ግን ይህን ረዳት በገዛ እጁ ያሰናብታል።

የአጥሩ አቅም

የብረት አጥር የሚፈተነው በተወሰነ ክብደት፣ ፍጥነትና የግጭት ማዕዘን ነው። አጥሩን የሚገፋው በተለይ ወደ ጎን ያለው የፍጥነት ክፍል ነው። ከላይ የጠቀስነው መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ በ15 ዲግሪ ቢጋጭ፣ አጥሩ 93 ሺህ ጁል ያህል መቀበል ይኖርበታል። ፍጥነቱ ወደ 80 ቢያድግ 165 ሺህ ይሆናል። በ60 ፍጥነት ማዕዘኑ ብቻ 30 ዲግሪ ቢሆን ደግሞ ወደ 350 ሺህ ይጠጋል። አጥሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የአሽከርካሪው ውሳኔ ነው።

ኃላፊነቱ የማን ነው?

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ሳም ፔልትዝማን እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው ጥናት፣ መከላከያ ሲጨምር አሽከርካሪው ይበልጥ ይደፍራል ሲል ተከራክሯል። ይህ አሳብ ብዙ ያከራከረ ሲሆን፣ አጥር አያስፈልግም ለማለት ግን አያበቃም። ገደሉ የሚውጠው ደፋሩን አሽከርካሪ ብቻ ሳይሆን፣ በፍጥነቱ ላይ ምንም ሥልጣን የሌለውን ተሳፋሪ ጭምር ነውና። የስዊድን ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 ያጸደቀው የመንገድ ደኅንነት መርሕም፣ ሰው መሳሳቱ እንደማይቀር ታሳቢ በማድረግ ኃላፊነቱን ለመንገድ ሠሪውና ለተጠቃሚው ያካፍላል።

በእኛ አስተያየት ድንበሩ እዚህ ላይ ነው፦ መሐንዲሱ ተራ ስሕተት ሞት እንዳያስከትል አጥሩን ይተክላል፤ አሽከርካሪው ደግሞ ስሕተቱ ከአጥሩ አቅም እንዳይበልጥ በፍጥነቱና በጭነቱ ይወስናል። አንዱ የሌላውን ድርሻ ሊተካ አይችልም።

ለመልመጃ ያህል አንድ ጥያቄ እናቅርብ፦ የመኪናው ክብደት በእጥፍ ቢያድግና ፍጥነቱ ከ60 ወደ 80 ቢጨምር፣ በአጥሩ ላይ የሚያርፈው ጉልበት ስንት እጥፍ ይሆናል? አንባቢያን ስሌቱን ሠርተው፣ መልሱን ቁልቁለት ለሚወርድ አንድ አሽከርካሪ ቢነግሩት ትምህርቱ ግቡን ይመታል።