መርዝ የማይገድላት የወባ ትንኝ

የወባ ትንኝ መርዝ በተረጨ ግድግዳ ላይ ዐርፋ በደኅና ስትበር ብዙዎች «መድኃኒቱ ተበላሽቷል» ይላሉ። አንዳንዴ ግን የተለወጠችው ትንኟ ናት።

የነርቭ መልእክት የሚተላለፈው ሶዲየም በነርቭ ሕዋስ ሽፋን ላይ ባሉ ጥቃቅን በሮች ሲገባ ነው። በሮቹ በቅጽበት ተከፍተው ይዘጋሉ። ዲዲቲና የፓይሬትሮይድ መርዞች በሩ እንዳይዘጋ ይይዙታል፤ ነርቩ መልእክት ያለማቋረጥ ይልካል፤ ትንኟም ተንቀጥቅጣ፣ ሽባ ሆና ትሞታለች።

በአንዳንድ ትንኞች ግን ከበሩ አሚኖ አሲዶች አንዱ፣ በ1014ኛው ቦታ ያለው ሉሲን፣ በፌኒልአላኒን ወይም በሴሪን ተተክቷል። በሩ ሥራውን ይሠራል፤ መርዙ ግን አጥብቆ አይዘውም። መርዙ ሌሎቹን ሲፈጅ እነዚህ ተርፈው ይራባሉ። ዲዲቲን የተቋቋመች ትንኝ ፓይሬትሮይድንም ልትቋቋም የምትችለው በሩ አንድ በመሆኑ ነው።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2009 ዲዲቲ በዴልታሜትሪን ሲተካ ስሙ እንጂ በሩ አልተለወጠም። በኋላ የተመረጠው ቤንዲዮካርብ ግን የሚያጠቃው አሴቲልኮሊንን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ነው።

እንግዲህ መርዝ ሲለወጥ መጠየቅ ያለበት «የትኛውን የነርቭ ክፍል ያጠቃል?» ተብሎ ነው። ያለዚያ ገንዘቡም ይባክናል፤ ሕፃናቱም ለወባ ይጋለጣሉ።