የስካውት መሪ ማን ነው?
ለካቴኪስቶችና ለወጣቶች አገልጋዮች የቀረበ ትምህርት



በቅርቡ ባደረግነው የካቴኪስቶች ስብሰባ ላይ አንድ አገልጋይ፣ «አባ፣ ልጆቹ ስካውት እንሁን ብለው ነበር። ሻርፑን አሰርንላቸው፣ ሰልፉንም አሳየናቸው፤ ከዚያ ወዲያ ግን ምን እንደምናደርግ አላወቅንም» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ቅን ነው። በሚዛን ከተማም ሆነ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ባሉት ትንንሽ ጸሎት ቤቶች ወጣት አልጠፋም፤ የጠፋው ሳይታክት አብሮት የሚቆም ትልቅ ሰው ነው። ስለዚህ በዚህ እትም የምንማረው ስለ ልጆቹ ሳይሆን ስለ ትልቁ ሰው ይሆናል።

ስካውትን የመሠረተው እንግሊዛዊው የጦር መኮንን ሮበርት ቤደን ፓወል ነው። ከ1899 እስከ 1900 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ የምትገኘው የማፌኪንግ ከተማ ለ217 ቀናት በተከበበች ጊዜ፣ ልጆች መልእክት እያደረሱ ሲያገለግሉ አየ። በ1907 እ.ኤ.አ. ደግሞ ብራውንሲ በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ 20 ያህል ልጆችን ሰብስቦ አሳቡን በሥራ ፈተነ። ከባለጠጋ ቤት የመጡትንና ከሠራተኛ ቤት የመጡትን ቀላቅሎ በአራት ንኡሳን ቡድኖች መደባቸው፤ በየንኡስ ቡድኑም ላይ ከልጆቹ አንዱን አለቃ አደረገ። የስካውት ምሥጢር በዚህች በመጨረሻዋ ነገር ውስጥ ይገኛል። ሻርፑና ፊሽካው የመጡት ለእርሷ አገልጋይ ሆነው ነው። እኛ አገር ግን ብዙ ጊዜ ሻርፑን ይዘን አለቅነቱን ለራሳችን እናስቀራለን።

በካቶሊካውያን ዘንድ ይህን ሥርዓት ቀድመው ከተረዱት አንዱ ፈረንሳዊው ኢየሱሳዊ አባ ዣክ ሰቨን ናቸው። በ1913 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው ቤደን ፓወልን አገኙ፤ በ1920 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከሌሎች ጋር ሆነው የፈረንሳይን የካቶሊክ ስካውቶች ማኅበር መሠረቱ። ቤተ ክርስቲያን በ2012 እ.ኤ.አ. «ክቡር» የሚለውን ማዕርግ ሰጥታቸዋለች። በዛሬው ጊዜ በዓለም ዙሪያ ከ50 ሚሊዮን በላይ ስካውቶች ይገኛሉ።

በአገራችን በንጉሡ ዘመን በየትምህርት ቤቱ «ቦይ ስካውት» እንደ ነበረ አባቶቻችን ያስታውሳሉ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ያ ማኅበር ፈረሰ፤ ወጣቱም በሌላ መዋቅር ተደራጀ። እንደገና የተቋቋመው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ይህን ታሪክ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰልፍ ሲያዩና ፊሽካ ሲሰሙ ልባቸው የሚደነግጥ ወላጆች ዛሬም በመካከላችን አሉ፤ አይፈረድባቸውም። የስካውት መሪ የመጀመሪያ ሥራው ወደ እነዚህ ቤቶች መሄድ፣ ቡና ተጠጥቶ እስኪያበቃ መቀመጥና ልጃቸውን ወዴት፣ ከማን ጋርና እስከ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ መንገር ነው።

የራሴን ስሕተት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሃያ አራት ወጣቶችን ይዤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ሁለት ሌሊት አደርሁ። ድንኳኑን የተከልሁት እኔ፣ እሳቱን ያነደድሁት እኔ፣ ወጡንም የቀመስሁት እኔ ነበርሁ፤ ልጆቹ ቁጭ ብለው ያዩኛል። ይህን ሁሉ ሳደርግ ትሑት አገልጋይ የሆንሁ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ሌሊት የምታውቁት የሚዛን ዝናብ ወረደ፤ በድንኳኖቹ ዙሪያ የውኃ መውረጃ ቦይ አልተቆፈረም ነበርና ውኃው ገባ። ሃያ አራቱም ከያሉበት «አባ! አባ!» እያሉ ተጣሩ እንጂ አንድም አካፋ የሚያነሣ አልተገኘም። ለምን ያነሡ? ከመጀመሪያው ጀምሮ ሥራው የእኔ ነበር።

ከዚህ የተነሣ ለካቴኪስቶቻችን የምሰጠው ምክር ይህ ነው፦ ልጆቹን ከስድስት እስከ ስምንት እያደረጋችሁ በንኡሳን ቡድኖች መድቡ፤ ቤንችኛ የሚናገረውን፣ ከፊኛ የሚናገረውንና አማርኛ የሚናገረውን አንድ ላይ አድርጉ። በየቡድኑ አለቃ ይኑር፤ እናንተ የምታስተምሩት አለቆቹን ነው፤ እነርሱም ጓደኞቻቸውን ያስተምራሉ። ቋጠሮውን አለቃው አሳስቶ ቢያሳይ ወዲያው አትንጠቁት። ሥራውን ለልጆቹ መተው ማለት ግን ትቶ መሄድ ማለት አይደለም። እሳት፣ መጥረቢያና የሞላ ወንዝ ባሉበት ሁሉ የትልቁ ሰው ዓይን ሊለይ አይገባም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ልጆችን የሚወድ ሁሉ ለልጆች የሚበጅ አይደለም። በልጆች ላይ ክፉ የሚያደርግ ሰው ብዙ ጊዜ በደግነቱ የሚታወቅ ነውና፣ ሰውየውን ማወቃችን ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ሥርዓት ያስፈልጋል። አንድ ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር ሰው በማያየው ስፍራ ብቻውን አይሁን። በማንኛውም ጉዞ ላይ ቢያንስ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይገኙ፤ ሴቶች ልጆች ካሉም አንዷ ሴት ትሁን። መሪ ከልጆች ጋር በአንድ ድንኳን አይደር፤ በሌሊት በስልክ ለብቻው መልእክት አይላክላቸው። ይህ ሥርዓት በእኛም በካህናቱ ላይ እኩል ይሠራል።

ልጅ የደረሰበትን በደል ቢነግራችሁ አትቈጡ፣ አትመርምሩት፤ «ለማንም አልናገርም» ብላችሁም ቃል አትግቡለት። የስካውት መሪ ንስሐ አባት አይደለም፤ የሰማውን ለሚመለከተው ማድረስ ግዴታው ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሐዋርያዊ ደብዳቤ፣ ካህናትና ገዳማውያን እንዲህ ያለውን በደል ለቤተ ክርስቲያን ባለሥልጣን እንዲያመለክቱ አዘዋል። ትእዛዙ የወጣውም ተጠርጣሪው ካህን ወይም ገዳማዊ ለሆነበት በደል ነው። ነገሩ በሽምግልና፣ በካሣና በዝምታ እንዲዘጋ የሚጠይቁ ዘመዶችና ሽማግሌዎች ይመጣሉ። እሺ አትበሉ።

ስለ አበልም አንድ ቃል። ስብሰባ በተጠራ ቍጥር «አበል አለው ወይ?» ማለትን ለምደናል። የስካውት መሪ በፈቃዱ የሚያገለግል ነው፤ አይከፈለውም። ሆኖም የመጓጓዣውን ወጪ ከድኻ አገልጋይ ኪስ ማስወጣት ፍትሕ አይደለምና ቁምስናው ይቻለው።

የጊዜውንም ነገር አስቡ። ከመስከረም ጀምሮ የእሸት ቡና ለቀማ ሲደርስ ልጆቻችን በማሳና በማድረቂያው አልጋ ዘንድ ናቸው። በዚያ ወቅት የቀረውን ልጅ «ሰነፍ» አትበሉት፤ ስብሰባውን አሳጥራችሁ ከቅዳሴ በኋላ አድርጉት፤ ረጅሙን ጉዞ ለበጋው አቆዩ።

እኔ በሚቀጥለው ዓመት ከሌላ አገልጋይ ጋር ሆኜ ልጆቹን ወደዚያው ሜዳ መለስኋቸው፤ ከድንጋይ ላይም ተቀመጥሁ። ቦዩን ራሳቸው ቆፈሩ፤ ጠማማ ነበር፣ ውኃውን ግን ወሰደው። እራታቸው ጎደሬ ነበር። ከድስቱ ቶሎ አወጡትና አፋቸውንና ጕሮሯቸውን አሳከካቸው፤ እየሳቁም እየተቈጡም አለቃቸውን ከበቡት። በማግሥቱ ጎሕ ሳይቀድ የእንጨት መሰበር ድምፅ ሰምቼ ብወጣ፣ ያ የዐሥራ አራት ዓመት አለቃ ብቻውን ተነሥቶ ድስቱን ጥዶ ነበር።