የስምና የማንነት ስርቆት፤ ነጋዴ ሊያውቀውና ሊጠነቀቅበት የሚገባ



ነጋዴ ሁለት ዓይነት ሀብት አለው። አንደኛው በመጋዘኑና በባንክ ሒሳቡ የሚገኘው ነው፤ ሁለተኛው ስሙ ነው። ዕቃው ቢቃጠል ኢንሹራንስ ይተካለታል፤ ገንዘቡ ቢጎድል ስሙ የታመነ ነጋዴ ተበድሮ ይነግዳል። ስሙ በሌላ ሰው እጅ የገባበት ነጋዴ ግን ያልተበደረውን ዕዳ ይጠየቃል፤ ላልሸጠው ዕቃ ግብር ክፈል ይባላል፤ ያልፈረመውን ውል ለማስተባበል ፍርድ ቤት ሲመላለስ ይከርማል። ስለዚህ በዛሬው ትምህርት የሰውን ስምና ማንነት መስረቅ ምን እንደ ሆነ፥ በምን መንገድ እንደሚፈጸም፥ እንዴት እንደሚከላከሉትና ከደረሰም በኋላ ጉዳቱን እንዴት እንደሚያርሙት በአጭሩ እንመለከታለን።

የስርቆቱ ጠባይ

ተራ ሌባ ዕቃ ሲወስድ ባለቤቱ ቦታው ባዶ ሆኖ ስለሚያገኘው ወዲያው ያውቃል። ስም የሚሰርቅ ሌባ ግን የወሰደውን ነገር በቦታው ትቶት ይሄዳል። መታወቂያው በኪስ፥ ማኅተሙ በመሳቢያ፥ የንግድ ፈቃዱም በግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለ ነው፤ ሆኖም የእነዚህ ሁሉ ቅጂ በሌላ ሰው እጅ ሆኖ ይሠራል። የነገሩ ክፋት ከዚህ ላይ ነው፤ ባለቤቱ የሚነቃው ብዙውን ጊዜ ከወራት በኋላ፥ ከባንክ ወይም ከግብር መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲደርሰው ነው።

ለንግድ ሰው ማንነት የሚባለው ስሙና ፎቶግራፉ ብቻ አይደለም። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ፥ ፈቃዱ፥ ማኅተሙና ፊርማው፥ የሰጠው ውክልና፥ የቼክ ደብተሩ፥ የስልክ ቁጥሩ፥ የኢሜይል አድራሻውና የሚስጥር ቁጥሩ ሁሉ የማንነቱ ክፍሎች ናቸው። ከእነዚህም አንዱ ሲያዝ ለሌላው መክፈቻ ይሆናል። ለምሳሌ አንድ አታላይ በሐሰተኛ መታወቂያ የነጋዴውን ስልክ ቁጥር በሌላ ሲም ካርድ ቢያስወጣ፥ ባንኩ ወደዚያ ስልክ የሚልከውን የማረጋገጫ ቁጥር የሚቀበለው እርሱ ይሆናል።

የብሔራዊ ባንክ ስም የተሰረቀበት ጊዜ

ይህ ጉዳት የሚደርሰው በተራው ባለሱቅ ላይ ብቻ ነው የሚል ቢኖር፥ በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008፥ በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ስም የተፈጸመውን ያስታውስ። ብሔራዊ ባንካችን በኒውዮርክ በሚገኘው ሲቲባንክ ዘንድ ሒሳብ ነበረው። አታላዮች የብሔራዊ ባንኩ ኃላፊዎች የፈረሙበት የሚመስል የሰነድ ጥቅል አዘጋጅተው ለሲቲባንክ ላኩ። ሰነዱ ወደ ፊት በፋክስ የሚመጡ የክፍያ ትእዛዞችን ባንኩ እንዲቀበል የሚያሳስብ ሲሆን፥ ባንኩ ለማረጋገጥ ሲፈልግ የሚደውልላቸው ሰዎች ስምና የስልክ ቁጥርም ተጽፎበት ነበር። ከዚህ በኋላ ሃያ አራት ያህል ትእዛዞች በፋክስ ደረሱ። ባንኩም በተሰጠው ስልክ እየደወለ አረጋገጠና 27 ሚሊዮን ዶላር ያህል በጃፓን፥ በደቡብ ኮሪያ፥ በአውስትራሊያ፥ በቻይና፥ በቆጵሮስና በአሜሪካ ወደሚገኙ ሒሳቦች አስተላለፈ።

ነገሩ የተገለጠው፥ ገንዘቡ ከተላከላቸው ባንኮች አንዳንዶቹ ዝውውሩን መፈጸም አቅቷቸው ሲመልሱትና ብሔራዊ ባንኩም ትእዛዙን እንደማያውቀው ሲያስታውቅ ነው። ሲመረመርም ጥቅሉ የተላከው ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከሌጎስ ሆኖ ተገኘ፤ የማረጋገጫዎቹም ስልኮች የናይጄሪያ፥ የደቡብ አፍሪካና የእንግሊዝ አገር የእጅ ስልኮች ነበሩ። በዚሁ ጉዳይ የተከሰሰ አንድ ሰው በጥር 2001 ዓ.ም. በአሜሪካ ተያዘ፤ ሲቲባንክም የጎደለውን ገንዘብ ለብሔራዊ ባንኩ ሒሳብ ተካ።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ትልቅ ነው። ባንኩ ሳያረጋግጥ ከፈለ አይባልም፤ ደውሎ ጠይቋል። ነገር ግን የደወለው ሌባው ራሱ በሰጠው ቁጥር ነው። እንግዲህ ማረጋገጥ ማለት ጥያቄውን ያመጣውን ሰው መልሶ መጠየቅ አይደለም፤ ጥያቄው ከመምጣቱ አስቀድሞ በምናውቀው በሌላ መንገድ መጠየቅ ነው። የዛሬው ትምህርት ዋና ቁም ነገር ይኸው አንድ ደንብ ነው።

በሌላው ዓለምም ትልቅነት አላዳነም። አንድ የሊቱዌንያ ተወላጅ ከአንድ የታይዋን የኮምፒዩተር ፋብሪካ ስም ጋር አንድ የሆነ ኩባንያ በላትቪያ አስመዘገበ። በዚያም ስም ከ2013 እስከ 2015 (እ.ኤ.አ.) ለጉግልና ለፌስቡክ ሐሰተኛ የክፍያ ሰነዶች እየላከ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስከፈለ። በ2019 (እ.ኤ.አ.) በኒውዮርክ አምስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። እነዚያ ኩባንያዎች ከፋብሪካው ጋር በእርግጥ ይነግዱ ስለ ነበር፥ የሚያውቁትን ስም ሲያዩ ሒሳቡ የማን እንደ ሆነ ሳይጠይቁ ከፈሉ።

በእኛ ቢሮ የደረሰው

እኔ በልደታ ክፍለ ከተማ ለአንድ አስመጪ ነጋዴ ጸሐፊ ሆኜ አያሌ ዓመታት ሠርቻለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለረጅም ጊዜ ዕቃ ከሚልክልን የውጭ አገር ድርጅት የመጣ የሚመስል ኢሜይል ደረሰን። የድርጅቱ ዓርማ፥ የጸሐፊው ስምና የዋጋ ማቅረቢያችን ቁጥር ሳይቀር ትክክል ነበር። ጽሑፉም «የባንክ ሒሳባችን በምርመራ ላይ ስለ ሆነ ቅድሚያ ክፍያውን ከዚህ በታች ወደ ተመለከተው ሒሳብ እንድትልኩልን» ይላል። አዲሱ ሒሳብ የሚገኘው በሌላ አገር ነበር።

ለመሰወር የሚያስፈልግ አይደለምና እውነቱን እናገራለሁ፤ እኔ አልጠረጠርሁም። የባንኩን ማመልከቻ በአዲሱ ሒሳብ ቁጥር ሞልቼ ለፊርማ አቀረብሁ። አሠሪዬ ብዕራቸውን አንሥተው ከያዙ በኋላ፥ «ልጄ፥ ሰውዬው ቤት ሲቀይር እንኳ ደውሎ ይነግረኛል፤ ባንክ ሲቀይር እንዴት ዝም አለ? ድምፁን ሳልሰማ ገንዘቤን አልልክም» አሉ። ከአሮጌው የአድራሻ ደብተር ቁጥሩን አውጥተን ደወልን። ሰውዬው ሒሳብ አልቀየረም፤ ደብዳቤም አልጻፈም። ኢሜይሉን ደግሜ ስመለከተው ከአድራሻው ላይ አንዲት ፊደል ብቻ ተለውጣ አገኘኋት። ያ ገንዘብ ቢሄድ ኖሮ አሠሪዬ የውጭ ምንዛሪ ለማግኘት የጠበቁት ብዙ ወራት ከንቱ በቀረ፥ የስምንት ሠራተኞችም እንጀራ በታወከ ነበር። «ጠርጥር፥ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለጸሐፊም እንደሚሠራ ያን ቀን ተማርሁ።

በአገራችን ገበያ የሚታየው

በአገር ውስጥ ገበያ ስርቆቱ በሦስት መልክ ይታያል።

የመጀመሪያው በሰው ወይም በሐሰተኛ መታወቂያ የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ ቁጥር አውጥቶ ደረሰኝ መሸጥ ነው። የገቢዎች ሚኒስቴር በ2011 ዓ.ም. እንዲህ ባለ ሥራ የተገኙ ድርጅቶችን ስም ለሕዝብ አስታውቋል። በዚህ አድራጎት የሚጎዱት ሁለት ወገኖች ናቸው፤ መታወቂያው የተወሰደበት ሰው የማያውቀው የግብር ዕዳ ይመጣበታል፤ ደረሰኙን በቅንነት የተቀበለው ገዥም የከፈለው ተጨማሪ እሴት ታክስ ሳይቀናነስለት ይቀራል።

ሁለተኛው በባለሱቆች ላይ የሚደርሰው ነው። ገዥ መስሎ የመጣ ሰው ገንዘቡን በስልክ አስተላልፌአለሁ ብሎ ከባንክ የመጣ የሚመስል ሐሰተኛ መልእክት ያሳያል፤ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ የተሰረቀው የባንኩ ስም ነው፤ ኪሳራው ግን የባለሱቁ ነው።

ሦስተኛው የባንክ ወይም የቴሌ ሠራተኛ ነኝ ብሎ ደውሎ የሚስጥር ቁጥር መጠየቅ ነው።

ለዚህ ሁሉ ጥሬ ዕቃውን የምናቀብለው ብዙ ጊዜ እኛው ነን። በልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ባሉት የፎቶ ኮፒ ቤቶች ደብዝዞ የወጣ ቅጂ እዚያው ተጥሎ ሲቀር ያላየ የለም። እኔ ራሴ አንድ ቀን ከመንገድ የገዛሁት ቆሎ የተጠቀለለበትን ወረቀት ስፈታው፥ የአንድ የማላውቀው ነጋዴ የፈቃድ ቅጂ ከነፊርማውና ከነማኅተሙ ሆኖ አገኘሁት። ያን ወረቀት ያገኘው ሌላ ሰው ቢሆን ምን ያደርግበት እንደ ነበር አንባቢ ይገምት።

መከላከያው

1. የመታወቂያና የፈቃድ ቅጂ ለማንም ሲሰጥ፥ «ለዚህ ጉዳይ ብቻ የተሰጠ» ተብሎ ጉዳዩና ቀኑ በቅጂው ላይ ተሻግሮ ይጻፍበት። የተበላሸ ቅጂ ተቀዶ ይጣል።

2. በባዶ ወረቀት ላይ ፊርማም ማኅተምም አይደረግ። ማኅተሙ በተቆለፈ መሳቢያ ይቀመጥ፤ የሚይዘውም አንድ ኃላፊ ሰው ይሁን።

3. የሒሳብ ቁጥር ለውጥ የሚገልጽ መልእክት ሲመጣ፥ በመልእክቱ ውስጥ በተጻፈው ስልክ ሳይሆን በቀድሞው ደብተር በሚገኘው ስልክ ተደውሎ ይረጋገጥ። ከደንበኛው ጋር በሚደረገው ውል ውስጥም ይህ ደንብ አስቀድሞ ቢጻፍ ይመረጣል።

4. የሚስጥር ቁጥርና በስልክ የሚመጣ የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አይነገር። ለንግዱ የሚያገለግለው ሲም ካርድ በባለቤቱ ወይም በድርጅቱ ስም ይመዝገብ፤ በሠራተኛ ስም አይሁን።

5. ባለሱቅ የገዥውን ስልክ አይቶ ሳይሆን በራሱ ሒሳብ ገንዘቡ መግባቱን ተመልክቶ ዕቃውን ያስረክብ።

6. ከአዲስ ሻጭ ጋር ከመዋዋል በፊት የሻጩ ፈቃድ በግብር ከፋይ ቁጥሩ አማካይነት የንግድ ሚኒስቴሩ በኢንተርኔት በከፈተው አገልግሎት ይመርመር።

7. ሠራተኛ ሲሰናበት የሰጠነው ውክልና በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ይሻር፤ ለባንኩም በጽሑፍ ይነገር።

የፋይዳ መታወቂያ በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተመሠረተ ሲሆን፥ ለእያንዳንዱ ሰው 12 አኃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣል፤ ምዝገባውም በጣት አሻራ፥ በዓይን አይሪስና በፊት ምስል የታሰረ ነው። አንድ ሰው በልዩ ልዩ ስም ብዙ የቀበሌ መታወቂያ ይዞ ይሠራው የነበረውን ተንኰል በጣም ያጠበዋል። ሆኖም ቁጥሩንና ቅጂውን እንደ ማስታወቂያ ወረቀት የሚበትን ሰው ጥበቃውን በገዛ እጁ ያላላል።

ከደረሰ በኋላ

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን፥ ስርቆቱ እንደ ታወቀ የመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች እጅግ የከበሩ ናቸው። ቅደም ተከተሉም እንደሚከተለው ነው።

አስቀድሞ ባንኩ በስልክ ይነገረውና ሒሳቡ ይታገድ፤ ወዲያውም ቀንና ሰዓት የተጻፈበት ደብዳቤ ገቢ ተደርጎ ቅጂው ይያዝ። ገንዘቡ ወደ ውጭ አገር ተልኮ ከሆነ ባንኩ ለተቀባዩ ባንክ የማስመለሻ መልእክት በዚያው ቀን እንዲልክ ይጠየቅ፤ ገንዘቡ ከሒሳቡ ከወጣ በኋላ ማስመለሱ አስቸጋሪ ነውና። ስልኩ ድንገት አገልግሎት ያቋረጠ እንደ ሆነ በኢትዮ ቴሌኮም 994 ይደወል።

ቀጥሎ ለክፍለ ከተማው ፖሊስ ይመልከት፤ የማመልከቻውም ቁጥር ይጠበቅ። ኢሜይሎች፥ መልእክቶችና ደረሰኞች አንዳቸውም አይሰረዙ፤ ማስረጃዎች ናቸውና። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 11 የኤሌክትሮኒክ ማንነትን መስረቅ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ያስቀጣል።

በሦስተኛ ደረጃ ለግብር መሥሪያ ቤቱና ለንግድ ቢሮው፥ ከዚህ ቀን ጀምሮ በስሜ የተሠራው ሁሉ የእኔ አይደለም ብሎ በጽሑፍ ማስታወቅ ያሻል። ማኅተም ወይም ፈቃድ የጠፋ እንደ ሆነ በጋዜጣ ማስነገርና አዲስ ማስቀረጽ የቆየ ልማዳችን ነው፤ ዛሬም ይጠቅማል። በመጨረሻም ለደንበኞች ሁሉ ይነገር። ብዙ ነጋዴ በኀፍረት ምክንያት ይህን የመጨረሻውን ይተዋል፤ እርሱ ዝም ባለ ቍጥር ግን ሌባው በስሙ መናገሩን ይቀጥላል።

የሌላውንም ሰው ማንነት የምንጠብቅ መሆናችን አይዘንጋ። የሠራተኞቻችንና የደንበኞቻችን መታወቂያ ቅጂ በፋይላችን ውስጥ አለ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይህን በጥንቃቄ እንድንይዝ ያስገድደናል።

እንግዲህ አንባቢ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ እንዲያደርግ እንለምነዋለን። የዋና ዋና ደንበኞቹንና የባንኩን ትክክለኛ ስልክ ቁጥር በአንድ ደብተር ላይ በገዛ እጁ ጽፎ፥ ደብተሩን ከማኅተሙ ጋር ይቈልፍበት። የእኛ ቢሮ የዳነው እንዲህ ባለ አሮጌ ደብተር ነው።