ጣልቃ ገብነት፦ ሊበርታሪያኖች ምን ይላሉ? ኢስላምስ?



በሬኒየር ቫሊ ሐበሻውና ሶማሌው በአንድ ሶፍ ይሰግዳሉ። በ2006 (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ የኢትዮጵያ ጦር በአሜሪካ ድጋፍ ሞቃዲሾ ሲገባ፣ በ2009 መጀመሪያ እስኪወጣ ድረስ ጉዳዩ ለሁለቱም የቤት ጉዳይ ነበር።

ሊበርታሪያኖች እንዲህ ያለውን ጣልቃ ገብነት ይቃወማሉ። ያልነካንን አንንካ፤ ከዜጋው በግዴታ የተሰበሰበ ግብርም ለሰው አገር ጦርነት አይዋል ይላሉ። የቴክሳሱ ሮን ፖል በ2002 የኢራቅን ጦርነት ተቃውመው ድምፅ የሰጡት በዚህ አቋም ነው።

ኢስላምም ወሰን ማለፍን ይከለክላል (አል-በቀራህ 190)። ነገር ግን «አያገባንም» ማለትን አይቀበልም። አን-ኒሳእ 75 ስለ ተጨቆኑት ይጠይቀናል። አል-ሑጁራት 9 የተጋጩ አማኞችን በፍትሕ እንድናስታርቅ ያዛል። አል-አንፋል 72 ደግሞ በዲን እርዳታ የጠየቀን መርዳት ግዴታ አድርጎ፣ ቃል ኪዳን በገባንላቸው ሕዝቦች ላይ ግን ይገድበዋል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በሑደይቢያ አቡ ጀንደል በሰንሰለት ታስሮ ሲመጣ አጽናንተው የመለሱት ለውሉ ሲሉ ነው።

ስለዚህ ወረራን በመቃወም ከሊበርታሪያኖች ጋር ልንስማማ እንችላለን። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። ለእነሱ የተበደለን መርዳት የግል ፈቃድ ነው፤ ለእኛ ግን የምንጠየቅበት ሐቅ ነው። ጦር ማዝመት የግለሰብ ውሳኔ አይደለም፤ ዘካ፣ እውነትን መናገርና ማስታረቅ ግን በእጃችን ናቸው። ከዚያ ጦርነት የተረፈ ቂም ካለ፣ ማስታረቁ እዚሁ አጠገባችን ከቆመው ወንድማችን ይጀምራል።

ወላሁ አዕለም።