የልጁ ጥያቄ፥ የልጁ መልስ
ሕፃናትን ለትምህርት ቤት የሳይንስ አውደ ርእይ ስለ ማዘጋጀት



በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሳይንስ አውደ ርእይ በተቃረበ ቍጥር ተማሪዎች ሠርተው የሚያሳዩት ነገር እንዲያመጡ ይታዘዛሉ፤ ወላጅም «ምን ላድርግለት?» እያለ ይጨነቃል። በየቁምስናው ሕፃናትን የምታስተምሩ መምህራንም ልጆቹ ለምክር ወደ እናንተ መምጣታቸው አይቀርም። ስለዚህ በዚህ እትም ጉዳዩን አብረን እናጠናለን።

አስቀድመን የራሳችንን ስሕተት እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ የግድብ ሞዴል እንዲሠራ ረድተነው ነበር። ረዳነው ማለት እንኳ ያንሳል፤ ካርቶኑን የቈረጥን፥ ሙጫውን የቀባን፥ ቀለሙን የመረጥን እኛው ነበርን። ሞዴሉ አማረ፤ ተመልካቹም አደነቀ። ዳኛ የነበሩት መምህርት ግን ወደ ልጁ ጐንበስ ብለው፥ «የኔ ልጅ፥ የግድቡ ግንብ ከሥሩ ለምን ወፈረ?» ሲሉ ጠየቁት። ልጁ ዘወር ብሎ እኛን ተመለከተ። ሥራው የእርሱ እንዳልነበረ፥ ኀፍረቱ ግን የእርሱ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ተረዳን።

ሳይንስ የሚጀምረው ከሚያምር ሞዴል ሳይሆን ከጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ሲያጠኑ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የበሽታው ተውሳክ የሚያድገው በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። እንዶድን እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ እርሳቸው ግን «ቀንድ አውጣዎቹ ለምን እዚህ ሞቱ?» ብለው ጠየቁ። የእንዶዱን አረፋ ሕያው ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ አስጨምረው ፈተኑ፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። ከዚህ ተነሥቶ ለብዙ ዓመታት ለቀጠለው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። የመጀመሪያው ፈተና ግን አንድ ዕቃና ጥቂት አረፋ ብቻ ነበር።

ለደጀን ልጆችም ጥያቄው ከደጃፋቸው አይርቅም። በክረምት ከማሳው ተነሥቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው ጎርፍ ጥቍር መሬታችንን ይዞ ይሄዳል። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል፤ ከግንዱ ይልቅ የሚበዛው ግን አፈሩ ነው። ይህ ደለል በሱዳን የሮሴሬስን ግድብ ለብዙ ዓመታት ሲሞላ ኖሯል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ለተመረቀው ለታላቁ የኅዳሴ ግድባችንም አሳሳቢ ነው። እንግዲህ አንድ ልጅ፥ «ማሳው በገለባ ቢሸፈን ጎርፍ የሚወስደው አፈር ይቀንሳልን?» ብሎ ቢጠይቅ፥ የአባቱንም የአገሩንም ጉዳይ ጠየቀ ማለት ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ ልጁ ጥያቄውንና ግምቱን ሥራው ከመጀመሩ በፊት በደብተሩ ይጻፍ።

ሁለተኛ፥ በተለምዶ «ሃይላንድ» የምንላቸው ሦስት እኩል የውሃ ፕላስቲኮች ይፈለጉ። በጎናቸው ተጋድመው ከላይ በኩል በመስኮት መልክ ይቈረጡ፤ ቢላዋውን የሚይዝ ዐዋቂ ይሁን። ከአንድ ስፍራ የተወሰደ አፈር በእኩል ስፍር ይጨመርባቸው። አንደኛው ባዶውን ይቅር፤ ሁለተኛው ገለባ ይልበስ፤ በሦስተኛው ሣር ከነሥሩ ይተከል። ሣሩ ሥር እንዲይዝ ሁለት ሳምንት ያህል ያስፈልገዋልና ሥራው ቀደም ብሎ ይጀመር።

ሦስተኛ፥ ሦስቱም በአንድ ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ይቀመጡ፤ ከየአፋቸው ሥር ብርጭቆ ይደረግ። በተበሳ ጣሳ ከእኩል ከፍታ እኩል ውሃ ይፍሰስባቸው። ከመሸፈኛው በቀር ሁሉም ነገር አንድ መሆን አለበት፤ አለዚያ ልዩነቱን ያመጣው ምን እንደ ሆነ አይታወቅም።

አራተኛ፥ የተጠራቀመው ውሃ አድሮ ይጥለል። ጥሩው ውሃ በዝግታ ተቀድቶ የቀረው አፈር በፀሐይ ይድረቅና በሻይ ማንኪያ ይሰፈር። ፈተናው በየጊዜው በአዲስ አፈር ሦስት ጊዜ ይደገም፤ አንድ ጊዜ የታየ ነገር በአጋጣሚ ሊሆን ይችላልና።

አምስተኛ፥ ቍጥሩ ሁሉ በሠንጠረዥ ይስፈር። በአውደ ርእዩ ቀን ደግሞ ዕቃዎቹ ከነአፈራቸው ይቅረቡ፤ ጽሑፉም በልጁ በራሱ እጅ የተጻፈ ይሁን፤ ፊደሉ ቢጣመምም ግድ የለም።

ከሁሉ የሚከብደው ነገር ግን ከዚህ በኋላ ይመጣል። ገለባ የለበሰው ዕቃ ውሃ እንደ ባዶው ደፍርሶ ቢወጣስ? ብዙ ዐዋቂ በዚህ ጊዜ፥ «ተሳስተህ ነው፤ ቍጥሩን አስተካክለው» ይላል። ይህ ልጁን ሐሰት ማስተማር ነው። ያየውን ይጻፍ፤ ከዚያም ምክንያቱን ይፈልግ። ገለባው ሳስቶ ነበርን? ወይስ የራሱ አቧራ ነበረበት? ከግምቱ የተለየ ውጤት ያገኘና በእውነት የጻፈ ልጅ አልወደቀም፤ አዲስ ጥያቄ አግኝቷል። ደግሞም የአንድ ፕላስቲክ አፈር ሙሉ ማሳ እንዳልሆነ ቢናገር፥ ይህ ማስተዋሉን እንጂ ድክመቱን አያሳይም።

ታዲያ የእኛ የታላላቆቹ ድርሻ ምንድን ነው? ዕቃ መፈለግ፥ ስለት መያዝ፥ ከሁሉ በላይ «ለምን ይመስልሃል?» እያሉ መልሱን በትዕግሥት መጠበቅ ነው። ዳኛው ሲጠይቅ ልጁ ዘወር ብሎ እኛን ሳይሆን ደብተሩን ከተመለከተ፥ ሽልማት ቢያገኝም ባያገኝም ዝግጅቱ ፍሬ አፍርቷል።

ለውይይት፦

1. በአካባቢያችሁ ልጆች በየቀኑ የሚያዩትና «ለምን?» ብለው ሊጠይቁበት የሚችሉ ሦስት ነገሮች ጥቀሱ።

2. አንድን ልጅ በመርዳትና ሥራውን በመውሰድ መካከል ያለው ድንበር የት ላይ ነው?